የእናት ጡት ወተት ነፃ አይደለም

በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ድረስ የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ይታሰባል። ሳምንቱ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይነገራሉ። አንደኛው፣ የእናት ጡት ወተት ለሕፃን የተሟላ፣ ንጹሕ፣ ከበሽታ የሚከላከልና ገንዘብ የማይጠይቅ ምግብ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚሁ ይመነጫል፦ ይህን ያህል ጥቅም ያለው ነገር ያለ ምንም ወጪ በእጇ እያለ እናት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ካላጠባች የጎደላት ግንዛቤ ነው፤ ስለዚህ ትማር፣ ትመከር። ይህ አስተያየት በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ፣ በሬዲዮ ፕሮግራም፣ በቡና ወግ ሳይቀር ሥር ሰዷል። እኔ የምከራከረው ከዚህ አስተያየት ጋር ነው። ወተቱ የተሟላ፣ ንጹሕና ተከላካይ መሆኑ እውነት ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ግን እውነት አይደለም። የእናት ጡት ወተት በጊዜ የሚከፈልበት ምግብ ነው። ጊዜው የእናቲቱ ነው፤ በከተማ ደግሞ የእናት ጊዜ ማለት ደመወዟ፣ የዕለት ገቢዋ፣ የሥራ ቦታዋ ነው። ነፃ ነው ባልን ቁጥር ሒሳቡ አይሰረዝም፤ ከቀጣሪው፣ ከመንግሥትና ከአባት ላይ ተነሥቶ በእሷ ላይ ይጫናል። መክፈል ሲያቅታት ደግሞ አላወቀችም እንላታለን።

የወተቱን ዋጋ ለማሳነስ የመጣሁ እንዳይመስል፣ አስቀድሜ ምን እንደሚያስገኝ ልናገር። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ቢጫማ ወፍራም ወተት፣ እንገሩ፣ ሕፃኑ ገና ራሱ ማምረት ያልቻላቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ወደ አንጀቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወተትም እናቲቱ በምትኖርበት አካባቢ ያሉትን ተዋሲያን የሚያውቅ መከላከያ ይዟል፤ እሷ ለተጋለጠችባቸው ተዋሲያን ሰውነቷ የሚያመርተውን መከላከያ ለልጁ ያቀብለዋል። ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት ውስጥ ሁለቱ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች፣ ጡት በሚጠባ ልጅ ላይ የሚበረቱበት ዕድል አነስተኛ የሆነው ለዚህ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ተከታታይ ጥናት፣ ጡት ማጥባት በሚፈለገው ደረጃ ቢስፋፋ በዓለም ላይ በየዓመቱ የ823,000 ሕፃናትን ሞት መከላከል እንደሚቻል ተሰልቷል። የእናቲቱ ድርሻም ትንሽ አይደለም። ሕፃኑ ሲጠባ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ማሕፀኗ እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ይህም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የሆነውን የደም መፍሰስ ይቀንሳል። በ30 አገሮች የተካሄዱ 47 ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ምርምር ደግሞ፣ አንዲት እናት ለምታጠባበት ለእያንዳንዱ 12 ወር በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ እናቶች ይህን አያውቁም ወይ? የ2008 ዓ.ም.ን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ2016ን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የሚያነብ ሰው የሚያገኘው መልስ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ካለው ፖስተር የተለየ ነው። ከጥናቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ከተወለዱት ልጆች 97 በመቶው ጡት ጠብተዋል። 73 በመቶው በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይዘዋል። ከጡት በፊት ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም ሌላ ነገር የተሰጣቸው 8 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ይጠባል። ይህ ጡት ማጥባትን የናቀ ወይም የረሳ ሕዝብ መልክ አይደለም። የአዲስ አበባን ለብቻ ብንወስድ፣ በዚያው ጥናት ከወለዱት የከተማዋ ሴቶች 97 በመቶ የሚሆኑት የወለዱት በጤና ተቋም ነው፤ ማለትም ምክሩን ሊሰጥ ከሚችል አዋላጅ ወይም ነርስ ፊት ተኝተዋል። ለሳሪስ፣ ለጀሞ፣ ለላፍቶ፣ ለመካኒሳ፣ ለጎፋ እናት ጡት ጥሩ ነው ብሎ መንገር ቀድሞ የተነገራትን መድገም ነው።

ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ክርክሬ የቆመው በዚህኛው ላይ ነው። ጡት ብቻ የሚጠቡት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ 74 በመቶ ናቸው። ሁለትና ሦስት ወር ሲሆናቸው 64 በመቶ ይሆናሉ። አራትና አምስት ወር ሲሆናቸው 36 በመቶ ብቻ ይቀራሉ። የጎደለው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ወር ያወቀችውን እናት በአራተኛው ወር ምን አስረሳት? ዕውቀት እንዲህ በወራት ውስጥ አያልቅም። የሚያልቀው ፈቃድ ነው፤ የሚያልቀው ከዘመድ የተገኘው እገዛ፣ የተቆጠበው ብር፣ የቀጣሪው ትዕግሥት ነው። በእርግጥ ይህ አገር አቀፍ ቁጥር ነው፤ አብዛኞቹ እናቶች ገጠር ስለሚኖሩ ሁሉንም በወሊድ ፈቃድ ላይ ላመካኝ አልችልም። የገጠሯን እናት አለቃ አይጠራትም፤ አረሙ፣ አጨዳው፣ ውሃ መቅዳቱና እንጨት ለቀማው ግን ይጠራታል። ሙቀት ነው፣ ጠምቶታል ተብሎ ውሃ የሚቀመስ ሕፃንም አለ፤ ይህ በትምህርት የሚታረም ነው፣ ሊታረምም ይገባል። ሆኖም የትምህርቱ ውጤት ራሱ ወሰኑን አሳይቶናል። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበረበት 52 በመቶ በ2016 ወደ 58 ደረሰ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ 59 ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ እየዞሩ፣ ዘመቻው ሳይቋረጥ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘው አንድ ነጥብ ነው። በዚህ መንገድ ብቻ ከቀጠልን የት እንደምንደርስ ለማስላት ብዙ ሒሳብ አያሻም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን ወደ 90 ቀን አሳደገው፤ ከወሊድ በፊት ያለውም 30 ቀን አለ። ይህ መሻሻል ነው፣ የታገሉለትም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን 90 ቀን እንዴትም ቢቆጠር ስድስት ወር አይሞላም። በአንድ በኩል መንግሥት በጤና ባለሙያው አንደበት እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ጠብታ ውሃ እንኳ አትስጪ ይላል፤ በሌላ በኩል በነጋሪት ጋዜጣ ስድስት ወር ሳይሞላ ሥራሽ ላይ ተገኚ ይላል። ሁለቱን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መፈጸም የምትችለው ልጇን ይዛ ሥራ የምትገባ ወይም ሥራዋ ከቤቷ ደጃፍ ያለ እናት ብቻ ናት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት፣ ከፈቃዱ ርዝመት ባሻገር ከተመለሰች በኋላ በሥራ ሰዓት ውስጥ የማጥቢያ ዕረፍት እንዲኖራትና ዕረፍቱ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠርላት ይጠይቃል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለ ማጥቢያ ዕረፍት ዝም ይላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል፤ ይህ ግዴታ ግን የግሉን ድርጅት አይነካም። በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አብዛኛዋ ሴት የምትሠራው ደግሞ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ አይደለም። የምትሠራው በፋብሪካ፣ በልብስ ስፌት፣ በሱቅ፣ በምግብ ቤት፣ በግንባታ ቦታ፣ በሰው ቤትና በጉልት ነው።

አሁን ነፃ የተባለውን ነገር በዚህ ክፍለ ከተማ ሕይወት ውስጥ እንመዝነው። አራስ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አሥር ጊዜ፣ በያንዳንዱም 20 ደቂቃ ብንል፣ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ማስገሳቱን፣ ማባበሉንና የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ሳንጨምር። ወተቱን ለማምረት ሰውነቷ በየቀኑ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ይፈልጋል፤ ያም በዛሬ የገበያ ዋጋ ነፃ አይደለም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖርና መገናኛ አካባቢ የምትሠራ እናት የስምንት ሰዓት ሥራዋ ላይ የታክሲ ሰልፉንና የመንገዱን መጨናነቅ ስትጨምር ከልጇ ጋር የምትለያየው ለ11 ወይም ለ12 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአራት ወር ሕፃን አራት ወይም አምስት ጊዜ ይራባል። ከዚያ የሚከተለው ነገር ከግንዛቤ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ጡት ወተት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው፤ ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ የዋለ ጡት በቀናት ውስጥ ምርቱን ይቀንሳል። እናቲቱ ማታ ስትመለስ ልጁ ጎትቶ ሲያለቅስባት ወተቴ አነሰ፣ አልበቃውም ትላለች። ጎረቤትም ያምናታል፤ የላም ወተት በውሃ ቀጥኚለት፣ አጥሚት ስጪው ትባላለች። ወተቷ ያነሰው ስለተለያዩ ነው፤ እኛ ግን ያነሰ ወተቷን ምክንያት፣ መለያየታቸውን ደግሞ ተፈጥሯዊ ነገር አድርገን እናየዋለን።

ወተቷን አልባ ታስቀምጥለት የሚል መልስ አለ። ጥሩ መልስ ነው፣ በሌላ አገርም ብዙ እናቶችን አግዟል። ለዚህ ግን የሚዘጋ በር ያለው ክፍል፣ እጅ የሚታጠቡበት ውሃ፣ ማቀዝቀዣና በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያስፈልጋል። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይመከርም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። በልብስ ስፌት መስመር ላይ ተቀምጣ የሰዓት ኮታ የምታሟላ ሴት ከሽንት ቤት ሌላ የምትገባበት የግል ቦታ የላትም፤ በሽንት ቤት ውስጥ የልጅ ምግብ አዘጋጂ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ይህን ምክር የምንሰጥ ሰዎች ምክሩ የሚፈጸምበትን ክፍል አብረን ካልጠየቅን ምክራችን ባዶ ነው።

የቆርቆሮ ወተቱስ? በየሱፐርማርኬቱ ተደርድሯል፤ የዘመናዊ ኑሮ ምልክት አድርገው የሚያዩትም አሉ። በሒሳብ እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ስሌት እንደሚያሳየው ጡት ጨርሶ ለማይጠባ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 20 ኪሎ ያህል የዱቄት ወተት፣ ማለትም ባለ 500 ግራም 40 ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር ይህን በአግባቡ መግዛት የምትችል የፋብሪካ ሠራተኛ የለችም። ስለዚህ ታቀጥነዋለች፤ ልጁ ይጠግባል፣ አያድግም። ውሃውም ሌላ ጉዳይ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ውሃ በጀሪካን ተጠራቅሞ በሚቀመጥበት ቤት ጡጦ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ቀቅሎ ማዘጋጀት በወረቀት ላይ የቀለለ ነገር ነው። ቦትስዋና የዚህን መዘዝ አይታለች። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ እናቶች እንዳያጠቡ መንግሥት የዱቄት ወተት በነፃ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻና በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ጥሎ ውሃው ሲበከል ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ፤ የተደረገው ምርመራ ዋነኛ አጋላጭ ሆኖ ያገኘው ጡት አለመጥባታቸውን ነው። ያች አገር ከእኛ የተሻለ የቧንቧ ውሃና የተሻለ ገቢ ያላት ነበረች። ዛሬ በእኛ አገር ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ የሚመከረው እንዲህ ካለ ትምህርት በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ተቃውሞ አለ። እናቶቻችን አዝለው እየሠሩ ስድስትና ሰባት ልጅ አላጠቡም ወይ፣ ማቆያና ፈቃድ ማን ሰጣቸው ይባላል። መልሱ በጥያቄው ውስጥ አለ፤ አዝለው ነዋ። ልጅና ሥራ በአንድ ቦታ ነበሩ። የፋብሪካው በር ግን እናትን አስገብቶ ልጅን ያስቀራል። ሁለተኛም፣ ያ ዘመን ወተቱን ነፃ ነው ብሎ አያውቅም። አራስ በቤቷ ስትተኛ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋላታል፣ አጥሚት ያጠጣታል፣ ውሃዋን ይቀዳላታል፣ ልብሷን ያጥብላታል፣ ትልልቆቹን ልጆች ይይዝላታል። ለወንድ እስከ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከቤት እንዳትወጣ የሚጠብቃት ሥርዓት ነበር፤ በብዙ ቤት ዛሬም አለ። ይህ ሁሉ ክፍያ ነበር። የመንደሩ ሰው ጉልበቱን አዋጥቶ የእናቲቱን ጊዜ ለልጁ ይገዛለት ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን፣ ዘመዷ ከተማ ማዶ የሚኖር፣ ጎረቤቷም እንደ እሷ ለሥራ የወጣባት ሴት ያ መዋጮ ቀርቶባታል። በቦታው ያስቀመጥንላት ነገር የለም። ወግ አጥባቂ የሚባል ሰው በዚህ ጉዳይ ሊቆጭ የሚገባው እናቶች ስለሰነፉ ሳይሆን እኛ መዋጮውን ስለተውን ነው።

ከምሁራን ሰፈር የሚመጣ ሌላ ሙግትም አለ፤ ትምህርትና ምክር በጥናት የተረጋገጠ ውጤት አላቸው የሚል። እውነት ነው። እንዲያውም በመስኩ ትልቁ የሙከራ ጥናት የተደረገው በቤላሩስ ነው፤ 31 ሆስፒታሎች፣ 17,046 እናቶችና ሕፃናት የተካፈሉበት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ። የጤና ባለሙያዎቻቸው በልዩ ሁኔታ በሠለጠኑባቸው ሆስፒታሎች በሦስተኛው ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት 43.3 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 6.4 በመቶ ነበሩ፤ በአንጀት ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸውም በ40 በመቶ ቀንሷል። ይህን ጥናት ለግንዛቤ ትምህርት ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። በቤላሩስ የወሊድ ፈቃድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ምክሩ ያረፈው ጊዜ ባላት እናት ላይ ነው። በስድስተኛው ወር ያ ቁጥር ወደ 7.9 በመቶ መውረዱን መደበቅ አልፈልግም፤ ጊዜ ብቻውንም ሁሉን አያደርግም ማለት ነው። ምክርና ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኛ ለምክሩ ሳምንት መድበናል፣ ለጊዜው ግን ከ90 ቀን በላይ አንድ ቀን እንኳ መጨመር ከብዶናል።

ከሁሉም የሚከብደው የቀጣሪው ተቃውሞ ነው፤ እኔም አቅልዬ አላየውም። አሥር ሠራተኛ ያላት አነስተኛ የስፌት ድርጅት ሁለት ሴቶች በአንድ ወቅት ቢወልዱባት የሠራተኞቿ አንድ አምስተኛ ሳይሠራ ደመወዝ ይበላል፤ ፈቃዱ ወደ ስድስት ወር ቢራዘም ባለቤቷ ከዚያ ወዲያ ወጣት ሴት አልቀጥርም ትላለች። ፍርሃቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው ግን የክፍያው ሥርዓት ነው። በአገራችን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚወጣው ከዚያው ከቀጣሪው ኪስ ነው፤ ብዙ ሴት የቀጠረ ብዙ ይቀጣል፣ ወንድ ብቻ የቀጠረ ያተርፋል። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ክፍያው በማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን የሚጠይቀው ይህን አድልዎ ለማስቀረት ነው። እኛ ደግሞ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ሥርዓት ታቅፏል፤ ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ። ለእርጅና የምናዋጣበት መሥመር ለወሊድ የማይሠራበት ምክንያት የለም። የወሊድ መዋጮ ወንድም ሴትም፣ ትልቁም ትንሹም ድርጅት የሚያዋጣበት ሲሆን በአሥር ሰው ላይ ተራራ የነበረው ወጪ በሺዎች ላይ ሲበተን በደመወዝ ወረቀት ላይ እምብዛም የማይታይ ቁጥር ይሆናል። ያኔ ባለ ስፌቷ ሴት መቅጠር አትፈራም፤ ሴቲቱም የልጇን ስድስት ወር ለመጨረስ ሥራዋን አትሠዋም።

ነገር ግን፣ ይላል ጠንካራው ተከራካሪ፣ ይህ ሁሉ ደመወዝ ለሚከፈላት ሴት ነው። ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የአትክልት ገበያ ሽንኩርት የምትለቅም፣ በግንባታ ቦታ አሸዋ የምትሸከም፣ ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት የየትኛው ድርጅት ሠራተኛ ናት? የቤት ሠራተኛዋስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። እዚህ ላይ ልብ የሚነካ ነገር አለ፤ ቢሮ የምትሠራ እናት በሦስተኛው ወር ወደ ሥራ የምትመለሰው ብዙ ጊዜ ልጇን ለአንዲት ወጣት ሠራተኛ ትታ ነው፤ ያች ሠራተኛ ራሷ ብትወልድ ግን መጀመሪያ የምታጣው ሥራዋን ነው። ስለዚህ ተቃውሞው እውነት ነው፤ መድን ብቻውን ለብዙዎቹ እናቶች አይደርስም። እዚህ ግን ከራሳችን ተሞክሮ የምንጠቅሰው አለን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር፣ ኋላም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችን ከአካባቢ ልማት ሥራው ያሳርፋቸዋል፤ ክፍያቸው ግን አይቋረጥም። መንግሥት ለድሃዋ እናት የማጥቢያ ጊዜዋን የሚከፍልበት አሠራር ማለት ይህ ነው፤ ማንም አገር ያፈርሳል ብሎ አልተቃወመውም። የጎደለው ስፋቱ ነው።

ጡት ማጥባት የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ እናቶችን እንዲህ ያለ ክርክር ያሸማቅቃል የሚሉም አሉ። በሽታ፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ የእናት ሞት፣ ልጅን በጉዲፈቻ መቀበል፣ እነዚህ ሁሉ የዱቄት ወተትን ተገቢ ቦታ ይሰጡታል፤ ያን ልጅ ያሳደገች እናት ለማንም ማብራሪያ የመስጠት ዕዳ የለባትም። የሚያሸማቅቀው የግንዛቤው ቋንቋ ነው። ግንዛቤ ስንል ችግሩን በእናቲቱ ጭንቅላት ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ጊዜና ቦታ ስንል ደግሞ ከእሷ ውጭ አውጥተን በምክር ቤት፣ በድርጅትና በወረዳ ጠረጴዛ ላይ እናኖረዋለን። አባቶችም ከዚህ ጠረጴዛ አይርቁም። አዋጅ 1156 ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሌሊት ልጁን አስገስቶ የሚያስተኛ፣ ቅዳሜ ልብሱን የሚያጥብ፣ ምግቡን የሚያበስል ባል ጡት አያጠባ እንጂ የማጥባቱን ሰዓት ለሚስቱ ይሰጣታል።

ሕግ እስኪወጣ፣ መድኑ እስኪቋቋም ዓመታት ይፈጃል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። የጀሞ፣ የለቡና የሌሎቹ ኮንዶሚኒየሞች ግቢ ሲሠራ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለዕርድና ለድግስ ተብለው የተሠሩ የጋራ ሕንፃዎች አሉ። እያንዳንዱ ወረዳ ከእነዚህ አንድ ክፍል፣ በገበያው አጠገብ አንድ ክፍል፣ በፋብሪካዎቹ መንደር አንድ ክፍል ለሕፃናት ማቆያ ቢለይ፣ የምታጠባ እናት በምሳ ሰዓት ደርሳ የምትመለስበት ርቀት ይፈጠራል። ቁልፉ ርቀቱ ነው፤ ከተማ ማዶ ያለ ውብ ማቆያ ለማጥባት አይረዳም፣ በእግር አሥር ደቂቃ ያለ ተራ ክፍል ግን ይረዳል። ተንከባካቢዋን ማን ይክፈላት ለሚለው፣ በዚያው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች አሉ፤ ሠልጥነው ሊሠሩ ይችላሉ። ፋብሪካዎቹ በሠራተኞቻቸው ልጆች ቁጥር ልክ ቢያዋጡ፣ ዛሬ ልጅ ታሞ ሠራተኞቻቸው በሚቀሩበት ቀን የሚያጡትን ምርት ይመልሳሉ። ውሃው፣ ፍራሹ፣ የሚዘጋው በርና አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ከአንድ የዘመቻ ሳምንት ባነርና የስብሰባ አበል የሚበልጥ ወጪ አይደሉም። በሚመጣው ሐምሌ 25 የወረዳ ኃላፊዎች ስንት እናት አስተማርን ብለው ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ስንት ክፍል ከፈታችሁ፣ ስንት ድርጅት የማጥቢያ ዕረፍት ፈቀደ ብሎ የሚጠይቃቸው የምክር ቤት አባል ያስፈልጋል።